ወንዙን ያጠብን ጊዜ

እኛ ሰፈር «እንግዳ ይመጣል» ከተባለ መጀመሪያ የሚነሣው መጥረጊያ ነው። ለልቅሶ ይሁን ለሽምግልና፣ ለአማች ይሁን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ደጁን ሳይጠርግ እንግዳ የሚያስገባ ቤት የለም። እና ወንዛችንን የሚያዩ ባለሙያዎች ይመጣሉ ሲባል ምን እናድርግ ብሎ ማንም ማንንም አልጠየቀም። ወንዙን አጠብነው።

ይኼን ስናገር የሚስቅብኝ ሞልቷል። ይሳቅ። እኔም ስቄበታለሁ፤ የሳቅኩት ግን ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ቤቴ ከሚዛን ወደ አማን የሚወስደውን መንገድ ትታችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ነው። ከጓሮዬ ኮረሪማ ግርጌ ወንዙ ያልፋል። ትልቅ ወንዝ አይደለም። ክረምት ላይ ድንጋይ እያንከባለለ ያስፈራል፤ በጋ ላይ ጉልበት አይደርስም። እኔ የምተዳደረው ጎደሬ ቀቅዬ ከዳጣ ጋር ለመናኸሪያ ጫኝና አውራጅ በመሸጥ ነው፤ የጎደሬዬን አፈር የማስለቅቀው እዚያ ወንዙ ላይ ነው። ሰፈሩ ልብሱን የሚያጥበው እዚያ ነው። ቧንቧው ሲጠፋ፣ እሱ ደግሞ ከሚመጣበት የሚጠፋበት ይበልጣል፣ ከዚያው ቀድተን አፍልተን እንጠጣለን።

ዘንድሮ በጋ ላይ፣ ከእኛ ከፍ ብሎ፣ ልክ ወንዙ አፋፍ ላይ፣ እሸት ቡና መፈልፈያ ሊሠራ ነው ተባለ። የሚሠራው ሰው የሰፈራችን ልጅ ነው። ተማሪ ሳለ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ጎደሬዬን ቆሞ ይበላ ነበር። ዛሬ ሰው ሁሉ «ባለሀብቱ» ነው የሚለው፤ እኔም እንደ ሰው ልበለው። እውነቱን ለመናገር መፈልፈያ ለአገር ሥራ ነው። ቀይ ቡናውን ለቅሞ እዚሁ አጠገቡ የሚሸጥበት ያገኘ ገበሬ ምን ይከፋዋል? እኔም አልከፋኝም ነበር፣ የግንባታው ካስማ የት እንደተተከለ እስካይ ድረስ።

እህቴ የምትኖረው ቴፒ አካባቢ ነው። ከእሷ ሰፈር ራስጌ መፈልፈያ ከተሠራ ቆይቷል። መፈልፈያ ማለት የበሰለውን ቡና ልጣጩን ይገፋል፣ ፍሬው ላይ የቀረውን ሙልጭልጭ ነገር ያጥባል። ቡናው ነጥቶ ይወጣል፤ ልጣጩና እጣቢው ግን አንድ ቦታ መሄድ አለበት። እዚያ የሚሄደው ወንዝ ውስጥ ነው። በለቀማ ሰሞን ልጠይቃት ሄጄ ውሃው እንደ አተላ ጠቁሮ፣ አረፋ ደፍቆ አይቻለሁ። ላሟ ትወርዳለች፣ ታሸታለች፣ ሳትጠጣ ትመለሳለች። የተሻገረ ሰው እግሩን ሲያክ ያመሻል።

«በዚህ ሽታ እንዴት ትኖሪያለሽ?» አልኳት።

«የቱ ሽታ?» አለችኝ።

መኪና ላይ ተቀምጬ እስከ ሚዛን ድረስ ያሰብኩት ይኼን መልሷን ነው። ያስፈራኝ ሽታው አይደለም፤ መልመዷ ነው። እኔ አልለምድም አልኩ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሴ።

ስለዚህ ስብሰባ ሲጠራ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የአካባቢ ጥበቃው ሰውዬ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ጨዋ ሰው ነው፣ ወንዝ ዳር ምንም ነገር ከመገንባቱ በፊት የወንዙ ጤንነት ይመረመራል አለን። ወንዙ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ግንባታው ከአፋፉ ይርቃል፣ ለእጣቢውም ጉድጓድ ይቆፈርለታል። ቀድሞውኑ የተበላሸ ከሆነ ግን፣ እዚህ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «ያው ያን ያህል የሚጠበቅ ነገር የለም» አለ።

ደስ ብሎን ወጣን። የእኛ ወንዝ ምን ሆነና? ይምጡ፣ ይዩት።

ከበላዬ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት አሉ፣ ቤንች ናቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ እማማ ይላቸዋል። አማርኛን የተማሩት በገበያ ነው፣ ግን አንድ ቃል ከተናገሩ ሌላ ሰው የሚጨምረው አይኖርም። ባለሙያዎቹ በዚህ ሳምንት ይመጣሉ ሲባል እማማ ከደጃቸው ተነሡና፣ «ሐኪም ጋ ሳይታጠብ የሚሄድ ሰው አለ?» አሉ። «ያሳፍራል እኮ።»

ማን ምን ይመልስላቸዋል? እውነት ነው። እኛስ ለምርመራ ስንሄድ ታጥበን፣ ተቀይረን፣ ተቀብተን አይደል?

አጠገቤ የምትኖረው የማጂ ልጅ ደግሞ ሳሙና አይሆንም አለች። «ሳሙና ለወንዝ ነውር ነው። ከእናቴ አገር የመጣልኝ እንዶድ አለ፤ ለዓመት በዓል ነጠላ ያስቀመጥኩት። ለክብሩ እሱን እናደርግለታለን።» እንዶዱን ወቅጣ፣ በባልዲ በጥብጣ አወረደችው። ነጭ አረፋው ከባልዲው እየገነፈለ ነበር።

ባለሀብቱ ካስማ ከተከለበት በላይ ጀምረን እስከ ልብስ ማጠቢያችን ድረስ ወረድን። ሽበቱን፣ ያን አረንጓዴ ሙልጭልጭ፣ ከድንጋዩ በጆንያ ቁራጭ ፈገፈግን። የበሰበሰ ቅጠሉን ለቀምን። ውሃ ውስጥ የተንጠለጠለውን ሥር በማጭድ አስተካከልን። ሐጂ፣ የጅማው ሰው፣ ባለሱቃችን፣ ከላይ ከመንገዱ ቆመው አዩን።

«ኧረ እናንተ ሴቶች፣ ወንዙን ልትድሩት ነው እንዴ?»

«ለምርመራ ነው ሐጂ።»

«እንግዲያውስ ኩል ከሱቄ ውሰዱ፤ ሳትኩሉት አትስደዱት።»

ስንጨርስ ድንጋዩ ሁሉ እንደ ታጠበ ሳህን ያበራ ነበር። እንዲህ አምሮ አይቼው አላውቅም።

ባለሙያዋ ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ወጣት ናት። እስከ ጭኗ የሚደርስ የጎማ ጫማ አድርጋለች፣ እጀታው ረጅም የሆነ መረብ ይዛለች። የአካባቢ ጥበቃው ሰውዬ አብሯት አለ፣ ባለሀብቱም አለ። እኛ ዳር ዳሩን ተደርድረን፣ እንደ ሙሽራ እናት ምስጋና እየጠበቅን ነው። ውሃውን በጠርሙስ ቀድታ የምታየው መስሎኝ ነበር። ጠርሙሱንስ ሞላች፤ ግን ጎንበስ ብላ ድንጋይ አነሣች። ገለበጠችው። ሆዱን አየችው። መልሳ አስቀመጠችና ሌላ አነሣች። ከዚያ መረቡን አስቀምጣ ከፊቱ ያለውን ጠጠር በእግሯ አመሰችው፣ መረቡን አውጥታ ነጭ ትሪ ላይ ገለበጠችው። አቀርቅራ ብዙ ቆየች።

«ምንም የለም» አለች በመጨረሻ።

«ተመስገን» አሉ እማማ።

«አይ እማማ» አለች ልጅቷ። «መኖር ነበረበት።»

ከዚያ ትሪውን ይዛ ወደ እኛ መጥታ ነገረችን፣ ቀስ አድርጋ፣ ሳትንቀን። ውሃ ያልፋል አለች። ዛሬ በጠርሙስ የቀዳሁት የዛሬን ብቻ ነው የሚነግረኝ። ከድንጋይ ሥር የሚኖሩት ትንንሽ ነፍሳት ግን አያልፉም፤ እዚሁ ነው የሚያድጉት። ውሃው ትናንት ምን እንደነበረ፣ ባለፈው ወር ምን እንደነበረ እነሱ ያውቃሉ። ሦስት ጭራ ያላቸው አሉ፣ አሸዋ በአሸዋ ላይ አጣብቀው ቤት የሚሠሩ አሉ፤ እነዚህ ቆሻሻ አይችሉም። ቀድመው የሚሞቱት እነሱ ናቸው። እነሱ ካሉ ወንዙ ጤነኛ ነው።

«እዚህ ላይ መድኃኒት ነገር ፈስሷል እንዴ?» ብላ ጠየቀችን።

«የምን መድኃኒት?» አለች የማጂዋ ልጅ፣ ኩራቷ እስኪታይ። «በእንዶድ ነው ያጠብነው።»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። «እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል እኮ እትዬ። ዓሣም ይገድላል። እነዚህማ...» አለችና ተወችው።

የማጂዋ ልጅ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።  የተናገረው ባለሀብቱ ነው። ክፉ ቃል አልወጣውም፣ እንደውም ፈገግ ብሎ ነው።

«እንግዲህ ወንዙ ባዶ ነው ማለት ነው» አለ። «ባዶ ነገር ላይ ምን ይበላሻል?»

የአካባቢ ጥበቃው ሰውዬ ወደ መሬት እያየ፣ «ያየነውን ነው የምንጽፈው» አለ።

ያኔ እንደቆምኩ ውሃው ውስጥ ገባሁ። ለምን እንደገባሁ አላውቅም፤ ከእነሱ ፊት ለፊት ልቁም ብዬ ይመስለኛል።

«እንግዳ መጣ ብላ ቤቷን የጠረገች ሴት፣ ቤቷ ባዶ ነው ተብሎ ይጻፍባታል?» አልኩ።

«እትዬ፣ አሠራሩ እንደዚህ ነው» አለኝ ሰውዬው።

«አሠራሩን ያወጣው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ሰምቶ ይመልሳል። እኛ ያጠብነው በአንድ ቀን ነው። ይኼ ልጅ በቡና እጣቢ የሚያጥበው በየዓመቱ ነው።»

«እትዬ፣ ለእርስዎም ሥራ አለ እኮ» አለ ባለሀብቱ። «ለሠራተኛው ጎደሬ ይሸጣሉ።»

«ጎደሬዬን በምን አጥቤ? በአንተ እጣቢ?»

 ይኼኔ ባለሙያዋ ተናገረች፤ ለዚህ አመሰግናታለሁ። ያየሁትን አልደብቅም አለች፣ ያጣሁበትንም ምክንያት አልደብቅም። ወደ ላይ ወጥቼ ጫካው ውስጥ ብመረምር እዚያ ሌላ ወንዝ ማለት ነው፤ መታየት ያለበት ግንባታው የሚያርፍበት ነው። ግን ከዚያ ከጫካው ውሃው ነፍሳቱን ይዞ ይወርዳል። ድንጋዩን የሚነካው ከሌለ ይመለሳሉ። የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቱ ከጠራኝ እንደገና እመጣለሁ።

«ካልተመለሱስ?» አልኳት።

«ካልተመለሱ ያንንም እጽፋለሁ» አለችኝ። ወደድኳት።

በማግስቱ ጽሕፈት ቤቱ ሄድን። እማማ ከዘራቸውን ይዘው፣ የማጂዋ ልጅ ዓይኗ አብጦ፣ ሐጂ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ሌላውም ሌላውም። በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ያ ጨዋ ሰውዬ ሦስት ጊዜ ወጥቶ «ሂዱ፣ እንነግራችኋለን» አለን። «እዚሁ ንገሩን» አልነው። አልጮኽንም። ያመጣነውን ቆሎ በላን፣ ለዘበኛውም ዘገንንለት። በመጨረሻ ባለሀብቱን ጠርቶ ከፋሲካ በኋላ ዳግም እንዲታይ ወሰነ።

«ለትል ብዬ ልጠብቅ?» አለ ባለሀብቱ፣ በረንዳው ላይ ሲያልፈን።

«አዎ» አልኩት። «ለትል ብለህ።»

ከዚያ የመጣው ነው ከባዱ። ወንዝ ማጠብ ቀላል ነው፤ አለመንካት ነው የሚያደክመው። ልብስ ማጠቢያችንን ተውነውና ከታች ከወንዙ መታጠፊያ ማጠብ ጀመርን። እርጥብ ልብስ ተሸክሞ ያን ዳገት መውጣት ወገብ ይቆርጣል። ጎደሬዬንም እዚያው ነው የማወርደው። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። አንዷ፣ ልጅ በጀርባዋ፣ ልብስ በራሷ ተሸክማ እየወጣች፣ «እንዲያው እኛ ለሰው እንኳ እንዲህ ሆነን እናውቃለን?» አለችኝ።

«ለሰው ነው እኮ» አልኳት። «በጀርባሽ ላለው።»

«ይኼማ መቼ ትል ሆነ፤ ነብር ነው» አለችና ስቃ ወጣች።

ከሁላችን የባሰባት የማጂዋ ልጅ ነበረች። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው» ትላለች። ሁላችንም ነን ብንላት አትሰማም። ሥራዋን ጨርሳ ዱላ ይዛ አፋፉ ላይ ትቀመጣለች። ፍየል አታሳልፍም። ባሏን እንኳ፣ እግሩን ሊለቃለቅ ሲወርድ፣ በዱላ መልሳዋለች።

ከዚያ ኢሱዙው መጣ። የባለሀብቱ ድንጋይ የሚያመላልስ መኪና ነው። ሾፌሩ እንደ ልማዱ የወንዙ መሻገሪያ ላይ አግብቶ ሊያጥበው፣ በር ከፍቶ፣ ዘፈኑን ከፍቶ ወረደ። የማጂዋ ልጅ ጮኻ ጠራችኝ፤ ጎደሬዬን ጥዬ ሮጥኩ። ስደርስ ፊት ለፊቱ ቆማለች፤ እኔም አጠገቧ ቆምኩ።

«ማዘር፣ ዞር በሉ እንጂ» አለ ሾፌሩ። «ሁሌ እዚህ ነው የማጥበው።»

«ሁሌ ቀርቷል» አልኩት።

«ባለሀብቱ እንደዚህ አቧራ ሆኖ ካየው ይቆጣኛል።»

እሱም የሰው ልጅ ነው፣ ምን ያድርግ? «ወደ መንገዱ መልሰው» አልኩት። «እኛ እናጥብልሃለን።»

የቀለድኩ መስሎት ነበር። ግን መለሰው። ከታች ከመታጠፊያው በጄሪካን እየቀዳን፣ ዳገቱን እየወጣን፣ የባለሀብቱን ኢሱዙ መንገድ ላይ አጠብነው። እማማ ጎማውን ያዙ። ሐጂ ከሱቃቸው ሳሙና ሰጡን። ጨርሰን መስታወቱን ስንወለውል ባለሀብቱ ራሱ በሞተር ደረሰ። መኪናውን አየ፣ እኛን አየ።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«መኪናህን እያጠብን» አልኩት። «ወንዙን አጥበን አይተነዋል፣ አይበጅም። መኪና ግን ያምራል።»

ሾፌሩ ሳቁን መያዝ አቃተው። ባለሀብቱ አልሳቀም። ሞተሩን አዙሮ ሄደ። መኪናው ግን ዳግም መሻገሪያው ላይ አልቆመም።

ፋሲካ አለፈ። ልጅቷ መጣች፣ ያንኑ የጎማ ጫማ አድርጋ። በዚህኛው ጊዜ ደጃችንን ጠረግን፣ ወንዙን ግን ማንም አልነካውም። ሽበት ለብሷል፣ ቅጠል በሥሩ ተይዟል፣ እንደተኛ ከብት ተጎሳቁሏል። እማማ አፍረው ፊታቸውን አዞሩ፤ እንግዳ እንዲህ ባለ ነገር ላይ ሲረግጥ ማየት አልቻሉም።

የመጀመሪያውን ድንጋይ ገለበጠች። ምንም። የማጂዋ ልጅ ክንዴን ጨመቀችው። ሌላ ገለበጠች፤ ወደ ብርሃን አዞረችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ መረቡን አስቀምጣ አመሰችና ትሪው ላይ ገለበጠችው፣ ወደ እኛም መጣች።

ቀድሜ ያየሁት ቆሻሻ ነው፤ ጭቃና የቅጠል ብጣሽ። ከዚያ ቆሻሻው ተንቀሳቀሰ። ከጥፍር የምታንስ፣ ጠፍጣፋ፣ ሦስት ጭራዋን እያወዛወዘች ትሪው ጠርዝ ላይ ደረሰች። ሌላዋም ተከተለች። ጥጉ ላይ ደግሞ አንዲት የአሸዋ ቱቦ በራሷ ትሄዳለች፤ ልጅቷ በጣቷ አሳየችን፣ ከውስጧ ትንሽ ራስ ወጥቶ ተመለሰ።

«ይኼ ነው ቤት ሠሪው?» አሉ ሐጂ፣ መነጽራቸውን አውልቀው። «የግንባታ ፈቃድ አለው?»

የማጂዋ ልጅ አለቀሰች። ባለሀብቱም ጎንበስ ብሎ አየ። ረጅም ጊዜ አየ፤ ይኼን አልክደውም።

«እኔን ያስቆመኝ ይኼ ነው?» አለ።

«ያስቆምንህ እኛ ነን» አልኩት። «እሱ ምስክር ነው።»

ወንዙ ጤነኛ ነው ተብሎ ተጻፈ። ካስማው ተነቅሎ ወደ ላይ፣ ከአፋፉ ራቅ ብሎ ተተከለ። ለእጣቢው ሁለት ጉድጓድ ይቆፈር፣ ሳይቆፈር መፈልፈያው ሥራ አይጀምርም ተባለ። ባለሀብቱ ይግባኝ እላለሁ ብሎ ነበር፤ ቡናው እየቀረበ ሲመጣበት ተወው።

አሁን አልቋል፣ አሸንፈናል ብዬ የምጽፍ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። አንደኛው ጉድጓድ አልቋል። ሁለተኛው ግማሽ ላይ ቆሟል። ዝናቡ ሊከብድ ነው፣ ከዝናቡ ኋላ ቡናው ይቀላል። ባለፈው ሳምንት ወጥቼ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ ሳይ ባለሀብቱ አገኘኝ።

«እትዬ፣ አንዱ ይበቃል እኮ። የሰፈር ልጅ አይደለሁም እንዴ?»

«ስለሆንክ ነው የምመጣው። ሁለት ነው የተባለው።»

«እርስዎ ደግሞ ተቆጣጣሪ ሆኑብኝ።»

«ሆንኩ» አልኩት። «ማንም አልሾመኝም፣ ማንም አይሽረኝም።»

ተመልሼ ስወርድ ጎደሬዬን መታጠፊያው ላይ አኖርኩና ወደ መሻገሪያው ገባሁ። ልጅቷ እንዳሳየችኝ አንድ ድንጋይ አነሣሁ፣ ገለበጥኩ። ሦስት ጭራዎቹ ከብርሃኑ ሸሽተው ወደ ስንጥቁ ገቡ። ሆዱን ወደ ታች አድርጌ፣ ከነሽበቱ፣ ልክ እንደነበረበት መልሼ አስቀመጥኩት። ቡና በሚፈለፈልበት ሰሞንም እዚሁ መጥቼ አነሣዋለሁ። ያን ቀን ባዶ ሆኖ ካገኘሁት፣ እንዶድ ነው የሚለኝ አይኖርም።